ስምንት ዓመት የሰብልና የመኖ ምርምር፣ የታተመው ሦስት ብቻ፦ የኅትመት ዝርዝሬን እንዴት ላቅርብ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በሰብልና በእንስሳት መኖ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በመጽሔት የወጡ 3 ጽሑፎችና በጉባኤ መድብል የታተሙ 5 አሉኝ። ያልታተመ ውጤትም ተከማችቷል። አንደኛው በቆሎና ላብላብ (ለመኖ የሚሆን የጥራጥሬ ተክል) አሰባጥሮ የመዝራት ሙከራ ነው፤ 2 ወቅት፣ አንድ ቦታ፣ 3 ድግግሞሽ፤ ላብላቡ ከበቆሎው ጋር በአንድ ቀን፣ ከ2፣ ከ4 እና ከ6 ሳምንት በኋላ የተዘራበት፣ እንዲሁም ሁለቱም ለየብቻ የተዘሩበት። ሁለተኛው በየግል ጋጣ በተያዙ 24 በጎች ላይ የተደረገ የ90 ቀን ሙከራ ነው፤ በቀን 0፣ 100፣ 200 እና 300 ግራም የላብላብ ድርቆሽ። ሦስተኛው በሁለት በረት አሥር አሥር ላም ይዤ የሠራሁት የወተት ሙከራ፣ አራተኛው የ180 አባወራዎች የመኖ ዳሰሳ። አሁን ለተመራማሪነት ቦታ ላመለክት ነው። ከዚህ ስንት ጽሑፍ ላውጣ? ዝርዝሩስ እንዴት ይደራጅ? የሚታየው ብዛቱ ነው ወይስ ሌላ?»

በቁጥሩ ልጀምር። የአሰባጥሮ መዝራቱና የበጎቹ ሙከራ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣቸዋል። ዳሰሳው አጠር ያለ አንድ ሊሆን ይችላል። የላሞቹ ሥራ ግን አሁን በነገሩኝ መልኩ የምርምር ጽሑፍ አይሆንም። ያለዎትን ሸንሽነው ስድስት ወይም ሰባት ለማድረግ አስበው ከሆነ ይተዉት፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ሰብልንና እንስሳትን አንድ ላይ የያዘ ዝርዝር አንድ የተለየ ችግር አለበት። የሰብል ሰው ሲያነበው የእንስሳቱ ጽሑፍ የባከነ ጊዜ ይመስለዋል፤ የእንስሳት ሰውም በተራው እንዲሁ። የገምጋሚ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው ስለሚኖር ዝርዝርዎ በሁለቱም ዓይን ግማሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከዚህ የሚያወጣዎት አንድ ነገር ነው፦ የማሳው ውጤት ማለቂያ የጋጣው ሙከራ መነሻ ሆኖ መታየቱ። ላብላብ ላይ ስለሠሩ ይህ በእጅዎ ነው፤ የቀረው መጻፍና ማስተሳሰር ነው።

ዳታውን በጽሑፍ ብዛት ከመከፋፈልዎ በፊት በሙከራ አሃድ ይለዩት። የሙከራ አሃድ ማለት ትሪትመንቱ (የሚፈተነው አያያዝ፣ ለምሳሌ የመኖው መጠን) በዕጣ የደረሰው ትንሹ ነገር ነው። በማሳ ላይ ፕሎቱ (ተለክቶ የተከፈለው ቁራሽ መሬት) ነው፤ ከአንድ ፕሎት 10 የበቆሎ ተክል ቢለኩ አሥሩ ናሙና እንጂ 10 ድግግሞሽ አይደሉም። በጎቹ ለየብቻ ስለተመገቡ አሃዱ በጉ ነው። በላሞቹ ግን መኖው የተሰጠው ለበረቱ ነው። ስለዚህ ያለዎት 20 ላም ሳይሆን 2 በረት፣ ለእያንዳንዱ ትሪትመንት አንድ አንድ ነው። በሁለቱ በረቶች መካከል የታየው የወተት ልዩነት ከመኖው ይሁን ከጥላው፣ ከውኃ ገንዳው ቅርበት ወይም አንዲት ጉልበተኛ ላም ሌሎቹን ከመኖ ገንዳው ስለምታባርር፣ መለየት አይቻልም። ላሞቹን እንደ 20 ድግግሞሽ ቆጥሮ የተሠራ ትንተና ለስህተቱ 18 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን ለመመዘን የሚተርፈው ነጻ መረጃ ብዛት) ያሳያል፤ እውነተኛው ዜሮ ነው። ገምጋሚ ይህን ለማወቅ ከዘዴው ክፍል አንድ አንቀጽ ማንበብ ይበቃዋል።

የሚያድነው አንድ ሁኔታ አለ። ተጨማሪው መኖ በማለቢያ ሰዓት ለእያንዳንዷ ላም ለብቻዋ ተመዝኖ ከተሰጠ፣ ላሞቹ በዕጣ ከተመደቡና ሁለቱም ትሪትመንት በሁለቱም በረት ውስጥ ከነበሩ አሃዱ ላሟ ትሆናለች፣ በረቱም ብሎክ (ተመሳሳይ አሃዶች የሚመደቡበት ቡድን) ይሆናል። የቀን መዝገብዎን ገልጠው ይህን ያረጋግጡ። ካልሆነ ዳታው ለቀጣይ ሙከራ መነሻ ነው፤ በተለይ በላሞች መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚያሳይ ስንት ላም እንደሚያስፈልግ ለማስላት ይጠቅማል። ጥቂት ላም ብቻ ላለው ሰው ላቲን ስኩዌር (እያንዳንዷ ላም ሁሉንም ትሪትመንት በየዙሩ በተራ የምታገኝበት ንድፍ) የተለመደ መውጫ ነው፦ 4 ላም፣ 4 ትሪትመንት፣ 4 ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 21 ቀን፣ ከነዚህ 14ቱ ማለማመጃ፣ 7ቱ መለኪያ። አንድ ስኩዌር ለስህተቱ የሚተርፈው 6 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ብቻ ስለሆነ ሁለት ስኩዌር በአንድ ጊዜ ማስኬድ ይመረጣል።

አሁን ወደ በቆሎና ላብላብ። ትሪትመንቶቹ 6 ቢሆኑም በቆሎ ያለባቸው 5 ናቸው፤ ስለዚህ የበቆሎ ምርት ትንተና በአንድ ወቅት የሚኖረው የስህተት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 4 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 8 ነው። ይህ ቀጭን ነው። ሁለቱን ወቅቶች አንድ ላይ ሲተነትኑ 16 ይሆናል። አንድ ላይ ከማድረግዎ በፊት ግን የሁለቱ ወቅቶች የስህተት ቫሪያንስ (የመበታተን መጠን) ተቀራራቢ መሆኑን ይፈትሹ። ትሪትመንቱ ከወቅቱ ጋር መስተጋብር ካሳየ ደግሞ አማካዩን ትተው ሁለቱን ወቅቶች ለየብቻ በሰንጠረዥ ያቅርቡ። አማካዩ ያን ጊዜ በየትኛውም ወቅት ያልታየ ነገር ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ወቅት ለብዙ መጽሔቶች ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ስለዚህ የየወሩን ዝናብ፣ የአፈሩን ዓይነትና የኬሚካል ይዘት፣ የተዘራበትንና የታጨደበትን ቀን ሳይጎድል ይስጡ። ወቅቶቹ በዝናብ የተራራቁ ከነበሩ ይህ ድካም ሳይሆን ጉልበት ነው።

በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው የትንተና ስህተት የፊደል ንጽጽር ነው። የዘር ጊዜው 0፣ 2፣ 4፣ 6 ሳምንት ነው፤ ይህ መጠን እንጂ ዓይነት አይደለም። አማካዮቹ ላይ «ሀ»፣ «ሀለ»፣ «ለ» እያሉ ፊደል መደርደር አራቱን ነጥቦች የማይተዋወቁ አድርጎ መቁጠር ነው። የሚፈለገው መስመሩ ነው፦ በየሳምንቱ መዘግየት የላብላቡ መኖ ምን ያህል ይቀንሳል፣ በቆሎው ምን ያህል ይተርፋል? ቀጥተኛና ጥምዝ አዝማሚያውን ይፈትሹ፣ እኩልታውን ከነስታንዳርድ ኤረሩ (የግምቱ የስህተት መጠን) ይስጡ። የበጎቹ 0፣ 100፣ 200፣ 300 ግራምም እንዲሁ ነው።

የምርቱን እርጥበት አንድ ደረጃ ላይ ያምጡ። በቆሎ ብዙ ጊዜ በ12.5 በመቶ እርጥበት ይገለጻል። በ18 በመቶ እርጥበት 5.0 ቶን በሄክታር ከመዘኑ 5.0 በ82 ተባዝቶ ለ87.5 ሲካፈል 4.69 ቶን ይሆናል። ከአንዱ ፕሎት እርጥብ፣ ከሌላው ደረቅ እህል መዝኖ ማወዳደር የትሪትመንት ልዩነት መስሎ የሚታይ የማድረቂያ ልዩነት ይፈጥራል። ዘግይቶ የተዘራ ላብላብ የበቆሎውን ጥላና እርጥበት ስለሚለውጥ ደግሞ ስህተቱ በአንድ ወገን ያጋድላል።

ቀጥሎ የመሬት አጠቃቀም ንጽጽሩ። ለብቻው የተዘራ በቆሎ 4.8 ቶን፣ ተሰባጥሮ 4.2 ቶን ሰጠ እንበል፤ 4.2 ለ4.8 ሲካፈል 0.875። ላብላብ ለብቻው 3.50 ቶን ደረቅ መኖ፣ ተሰባጥሮ 1.96 ቶን ከሰጠ 0.56። ድምሩ 1.435 ነው፤ የተሰባጠረው ሄክታር የሰጠውን ያህል ለየብቻ ለማግኘት 1.435 ሄክታር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን በቀላሉ ይነፋል። ለብቻው የተዘራው በቆሎ በሳሳ አተካከል ወይም በቂ ማዳበሪያ ሳያገኝ ከቀረ አካፋዩ ያንሳል፣ ውጤቱም ሳይገባው ያድጋል። ስለዚህ ለየብቻ የተዘሩት ለራሳቸው በሚስማማ የተክል ብዛት እንደነበሩ በግልጽ ይጻፉ። አካፋዩን ከእያንዳንዱ ብሎክ ከመውሰድ የወቅቱን የብሎኮች አማካይ መውሰድ ይረጋጋል፤ የቱን እንደወሰዱ ግን መግለጽ ግድ ነው።

ብዙ ሰው 1.435 ላይ ሲደርስ ጽሑፉን ይዘጋል። የእርስዎ ዝርዝር ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ምሳሌ ከቀጠልን፣ ድርቆሹ በደረቅ ቁስ 18 በመቶ ክሩድ ፕሮቲን (ከናይትሮጅን ይዘቱ የሚሰላ ጠቅላላ ፕሮቲን) ካለው ከሄክታሩ 353 ኪሎ ግራም ያህል ክሩድ ፕሮቲን ተገኘ፤ ለዚህ የተከፈለው 0.6 ቶን በቆሎ ነው። አንድ በግ በቀን 250 ግራም ድርቆሽ በደረቅ ቁስ ለ90 ቀን ቢበላ 22.5 ኪሎ ይፈልጋል። በማጨድ፣ በማድረቅና በማከማቸት 10 በመቶ ቢባክን የሚቀረው 1,764 ኪሎ ለ78 በጎች ይበቃል። ትክክለኛውን ቁጥር ከራስዎ ዳታ ያውጡ። ይህን ስሌት የሰብሉ ጽሑፍ መደምደሚያ ውስጥ ካስቀመጡት የበጎቹ ጽሑፍ መግቢያ ከዚያው ይነሳል፣ አንዱም ሌላውን በተፈጥሮ ይጠቅሳል። ያለ ምክንያት ራስን መጥቀስ ያስወቅሳል፤ ይህ ግን ያለ እሱ ነገሩ የማይገባ ነው።

የበጎቹ ሙከራ ለኅትመት ከሁሉ የቀረበ ዳታዎ ነው። 24 በግ፣ 4 ትሪትመንት፣ ስድስት ስድስት። በመነሻ ክብደት 6 ብሎክ ተደርገው በየብሎኩ በዕጣ ከተመደቡ ለስህተቱ 15 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም አለ። ያለ ብሎክ ከተመደቡ 20 ነው፤ ያን ጊዜ የመነሻ ክብደቱን እንደ ኮቫሪየት (በትንተናው ውጤቱን የሚያስተካክል ተጨማሪ መለኪያ) ያስገቡ። ገምጋሚ የሚፈልጋቸውን ዝርዝሮች አስቀድመው ይያዙ፦ ማለማመጃው ስንት ቀን ነበር (ሁለት ሳምንት ያህል የተለመደ ነው፣ የነዚያ ቀናት ዳታም ከትንተናው ይወጣል)፤ በጎቹ ከመግባታቸው በፊት የጥገኛ ትላትል መድኃኒት ወስደዋል ወይ፤ የተመዘኑት ሌሊቱን ከመኖ ተከልክለው ጠዋት ነው ወይስ በልተው። ጠግቦ የተመዘነ በግ ሆዱ ውስጥ ያለው መኖና ውኃ ብቻውን የብዙ ቀን ጭማሪ የሚያህል ልዩነት ያመጣል። መነሻና መድረሻውን በተከታታይ ሁለት ቀን መዝኖ አማካዩን መውሰድ ይህን ያለዝባል። በየ10 ቀኑ መዝነው ከሆነ 10 ነጥብ አለዎት። የቀን ጭማሪውን ከመጨረሻው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሰው ለ90 ከማካፈል ይልቅ የነጥቦቹን መስመር ተዳፋት ይውሰዱ፤ አንድ መጥፎ ምዘና ሁሉንም አያበላሽም።

የተረፈው መኖም ይጠየቃል። መሠረታዊው ድርቆሽ ያለ ገደብ ቀረበ ካሉ ትርፉ ከቀረበው 10 እስከ 20 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ በጎቹ የሚችሉትን ሁሉ በልተዋል ማለት አይቻልም። ከዚያ እጅግ ከበለጠ ቅጠሉን መርጠው ግንዱን ትተዋልና የበሉት ከቀረበላቸው የተለየ ጥራት አለው፤ ያን ጊዜ የትርፉ የላቦራቶሪ ምርመራ የግድ ነው። የላቦራቶሪ ክፍሉ ላይ ክሩድ ፕሮቲን ናይትሮጅን ሲባዛ በ6.25 መሆኑን፣ ናሙናው በስንት ዲግሪ እንደደረቀ፣ የአሰር ይዘቱ አመድ ተቀንሶለት ነው ወይስ ሳይቀነስ፣ ይጻፉ። ለፕሮቲንና ለአሰር የሚሄድ ናሙና ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርቃል። በ105 ዲግሪ የደረቀ ናሙና ለደረቅ ቁስ ስሌት ብቻ ይሁን፤ ሙቀቱ ፕሮቲኑን ከአሰሩ ጋር ያጣብቀውና ሁለቱንም ቁጥር ያዛባል።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ዛሬውኑ ይፈልጉ። በእንስሳት ላይ የተሠራ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር ብዙ መጽሔቶች ይጠይቃሉ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድን አብዛኞቹ አይቀበሉም። ቁጥሩ ከሌለ መላኩ ሳይሆን መጠየቁ ይቅደም፦ በወቅቱ ተቋምዎ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ካልነበረው ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዙና ለአርታኢው አስቀድመው ይጻፉ። ጽሑፉን ሲያዘጋጁ አራይቭ የተባለውን የእንስሳት ሙከራ ዘገባ መመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2020 የታደሰውን) አጠገብዎ ያድርጉ። ከትሪትመንቱ የወጣ ወይም የሞተ በግ ካለ በቁጥር ይናገሩ፤ 24 ገብተው 23 ሲተነተኑ ምክንያቱ ካልተጻፈ ሁሉም ቁጥር ይጠረጠራል።

ሽንሸናውን በተመለከተ። የበሉትን መጠን በአንድ፣ መፈጨቱን በሌላ፣ ጭማሪውን በሦስተኛ ጽሑፍ ማውጣት በአንድ መንጋ ላይ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ መመለስ ነው። ጭማሪው የመጣው ብዙ ስለበሉ ነው ወይስ የበሉት ስለተፈጨ የሚለውን ማንም ከአንዱ ብቻ ሊያውቅ አይችልም፤ ሦስቱም አካለ ጎዶሎ ይሆናሉ። የሥጋ ምርትና ጥራት በሰፊው የተለካ ከሆነ ለብቻው ሊቆም ይችላል፤ በጎቹ አንድ መሆናቸውን በዘዴው ክፍልና ለአርታኢው በሚላከው ደብዳቤ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። አርታኢዎች የጽሑፍ መመሳሰልን የሚያሳይ ሶፍትዌር ስለሚጠቀሙ የሚደበቅ ነገርም አይደለም።

ዳሰሳው ቶሎ ያረጃል። 180ዎቹ እንዴት እንደተመረጡ መናገር ከቻሉና መጠይቁ በእጅዎ ካለ በዚህ ዓመት ያውጡት፤ ካልሆነ የሌሎቹ ጽሑፎች መግቢያ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ወደ ዝርዝሩ። በአቻ ባለሙያ የተገመገመው፣ የጉባኤ መድብሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ መመሪያዎችና በራሪ ጽሑፎች፣ የዳታ ስብስብ፣ የተመዘገበ ዝርያ ካለዎት እሱም፣ ለየክፍላቸው ይቀመጡ፤ በየክፍሉ አዲሱ ቀድሞ። ቁጥሩን ለማብዛት ማደባለቅ የሚያመጣው ተቃራኒውን ነው፦ አንባቢው አንድ የጉባኤ አጽሕሮት ከመጽሔት ጽሑፍ ጋር ተደባልቆ ካገኘ የቀሩትንም ማጣራት ይጀምራል። በመድብል ወጥቶ ኋላ ሰፍቶ በመጽሔት የታተመ ሥራ ካለ ከመድብሉ ሥር «ኋላ ሰፍቶ በዚህ ታትሟል» ብለው ያያይዙ፤ ያለዚያ አንድ ሥራ ሁለቴ ተቆጠረ። የመጽሔቱ ስም ሳያጥር፣ ዓመቱ፣ ቅጹ፣ ገጹ ወይም የጽሑፉ ቁጥር፣ ከዚያ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ)። ዲኦአይ ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል። እያንዳንዱን በራስዎ እጅ ከፍተው ይሞክሩ፤ የማይከፈት ቁጥር ከሌለው ይብሳል።

«ተቀባይነት ያገኘ» የሚባለው የአርታኢው ደብዳቤ በእጅ ሲኖር ነው። «በግምገማ ላይ» የሚለውን ለብቻ ያስቀምጡ፣ የተላከበትንም ቀን ይጻፉ። «በዝግጅት ላይ» የሚለውን ግን ይሰርዙት፤ ማንም አምስትም አሥርም ሊጽፍ ስለሚችል የሚያምነው የለም። ረቂቁ ካለቀ አያይዘው ይላኩ፣ እሱ ያሳምናል።

የማሳና የጋጣ ሥራ የብዙ ሰው ስለሆነ ጽሑፎቹ አምስት ስድስት ስም ይይዛሉ። የመጨረሻው ስም በአንዳንድ ዘርፍ የቡድኑ መሪ፣ በሌላው ትንሹን ያገዘ ስለሆነ ከተራው ብቻ የሚታወቅ ነገር የለም። በየጽሑፉ ሥር የሠሩትን በአንድ መስመር ይግለጹ፦ «ሙከራውን ነደፍኩ፣ ዳታውን ተነተንኩ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፍኩ»። ክሬዲት የተባለው የ14 ሚናዎች መዘርዝር ለዚህ ቃላት ይሰጣል። በአዲሶቹ ጽሑፎች ላይ ማን ስሙ ይግባ የሚለውንም አሁኑኑ ይወስኑ። መመዘኛዎቹ በሥራው ጉልህ ድርሻ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆን ናቸው፤ አራቱም አንድ ላይ። በዚህ መሠረት ፕሎት የለካው ቴክኒሺያን ሳያነብ ስሙ አይገባም፤ ነገር ግን እንዲያነብና እንዲያርም ዕድል ሊነፈገው አይገባም። ቦታ ስለያዘ ብቻ ስሙ የሚገባ አለቃ ደግሞ የዝርዝርዎ ጌጥ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስምዎ አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣቱን ያረጋግጡ። ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ሲገለበጥ «ጸ»፣ «ጠ» ወይም «ቀ» ያለበት ስም በሁለት በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ አንዱ መጽሔት በአባት ስም፣ ሌላው በራስ ስም ይመዘግባል። የመረጃ ቋቶች ይህን እንደ ሁለት ሦስት ሰው ያዩታል። አንድ አጻጻፍ ይምረጡና አይለውጡት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ፣ በኦርኪድ፣ ይመዝገቡ፤ ነጻ ነው፣ ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሰጣል፣ የስምዎንም ሌሎች አጻጻፎች መመዝገብ ያስችላል። ጉግል ስኮላር ላይ ጽሑፍ በራሱ እንዳይጨምር ቅንብሩን ይለውጡት፤ የስም አምሳያ ያለው ሰው ጽሑፍ ገብቶ ቢገኝ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ለቁልፍ ቃላት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያዘጋጀውን አግሮቮክ መዝገበ ቃላት ይጠቀሙ። የላብላብን ሳይንሳዊ ስም፣ ላብላብ ፑርፑሬየስን፣ በተራ ስሙ ላይ ይጨምሩ፤ በድሮ ጽሑፎች ዶሊኮስ ላብላብ ስለሚባል በአንድ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ያጣዎታል።

አሃዛዊ መለኪያዎችን ስለጠየቁ፦ በ3 ጽሑፍ ኤች ኢንዴክስ አይጻፍም። ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ይህ መለኪያ እያንዳንዳቸው ቢያንስ የብዛታቸውን ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎችን ስለሚቆጥር፣ 3 ጽሑፍ ያለው ሰው ምንም ቢጠቀስ ከ3 አያልፍም። የመጽሔቱ ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ የእርስዎ ቁጥር አይደለም። በሁለቱ ያለፉ ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በዚህ ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል ነው። ጽሑፍዎን ያነበበ አንድ የሰብል ተመራማሪ ሁለት ወቅት ዘርቶ፣ ተንትኖ እስኪያሳትም ሁለቱ ዓመታት አልፈዋል፤ የእሱ ጥቅስ ከስሌቱ ውጪ ይቀራል። የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫም ግለሰብን በመጽሔት ቁጥር መመዘንን ይቃወማል። ማስታወቂያው በግልጽ ከጠየቀ ይስጡ፣ ካልጠየቀ ይተዉት። የጥቅስ ብዛት የሚጽፉ ከሆነ ከየትኛው ቋትና በስንተኛው ቀን እንደተወሰደ ያክሉበት፤ ጉግል ስኮላር አብዛኛውን ጊዜ ከስኮፐስ የበዛ ቁጥር ይሰጣል።

መጽሔት ሲመርጡ በቀናት ውስጥ እንደሚቀበል ቃል የሚገባ፣ ክፍያውን ጽሑፉ ከተላከ በኋላ የሚነግር፣ ስሙ ከታወቀ መጽሔት በአንድ ቃል የሚለይ ከሆነ ይራቁ። ቀላሉ ፈተና ራስዎ የጠቀሷቸው ጽሑፎች የት እንደወጡ ማየት ነው። ቀድሞ በእንዲህ ያለ ቦታ የታተመ ሥራ ካለዎት አይደብቁት፣ ያንኑ ዳታም ሌላ ቦታ መልሰው አያሳትሙ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ጥፋት ነው።

በጎቹን ያስቀድሙ፣ አሰባጥሮ መዝራቱን ያስከትሉ። ሁለቱ ሲላኩ ጥሬ ዳታውን፣ ለእያንዳንዱ ፕሎት ወይም በግ አንድ ረድፍ፣ ብሎኩ፣ ወቅቱ፣ ቀኑና የመለኪያ አሃዱ በየአምዱ ተጽፎ፣ ዜኖዶ በመሰለ ማከማቻ ያኑሩ። ዜኖዶ ለዳታው የራሱን ዲኦአይ ስለሚሰጥ በዝርዝርዎ ውስጥ ሊጠቀስ የሚችል አንድ ሥራ ይሆናል። የዳታው ባለቤት ተቋሙ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

ከዝርዝሩ በላይ የሚቀመጥ አጭር መግቢያ ይጻፉ። ይህን መነሻ ያድርጉት፣ ባዶ ቦታውንም በራስዎ ቁጥር ይሙሉ፦ «ምርምሬ የሚያተኩረው የእህል ምርት ሳይጎዳ ከዚያው ማሳ ምን ያህል መኖ ሊገኝ እንደሚችልና ያ መኖ በእንስሳው ላይ ምን እንደሚያመጣ ነው። በሁለት ወቅት ሙከራ ከበቆሎ ጋር የተሰባጠረ ላብላብ በሄክታር … ቶን ደረቅ መኖ ሰጥቷል፤ በ24 በጎች ሙከራ ያው መኖ በቀን … ግራም የክብደት ጭማሪ አምጥቷል። ከታች በኮከብ የተመለከቱት ጽሑፎች የዚህ ሥራ ተከታታይ ክፍሎች ናቸው።»